በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የዩኒክስ መሣሪያ፦ የጊት መዝገብ የሚታወክባቸው ምክንያቶችና መፍትሔያቸው

ዛሬ በአስመጪነትም ሆነ በላኪነት ሥራ ላይ የተሰማሩ የንግድ ቤቶች፥ እንዲሁም አያሌ ባለሱቆች፥ የዕቃቸውን ዝርዝርና ዋጋ፥ የደረሰኝ ማውጫ ፕሮግራማቸውንና የድረ ገጻቸውን ጽሑፍ በኮምፒዩተር ፋይል እንደሚይዙ የታወቀ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ጊት በተባለው የለውጥ መዝገብ ውስጥ ነው። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ሲሆን፥ ድረ ገጹን ወይም ፕሮግራሙን ለደንበኛ የሚያቀርበው ሰርቨር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አለመግባባት ሲነሣ ጉዳቱ ለነጋዴው ይተርፋል። ዋጋውን ማን እንደ ለወጠው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ በሰርቨሩ ላይ አልነሣም ይላል፤ በመጋዘን የተቆለለው ዕቃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም ይባላል።

ስለዚህ የችግሩን ምንጭ፥ ምልክቱንና መፍትሔውን ከዚህ ቀጥሎ በተራ እናስረዳለን። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ባለሙያው ሲሰማቸው ያውቃቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጊት ጠባይና አመጣጥ

ጊት የሒሳብ ሠራተኛን የዕለት መዝገብ ይመስላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር አይፋቅም፤ ስሕተት ቢገኝበት በአዲስ መስመር ይታረማል እንጂ። ጊትም እንዲሁ የእያንዳንዱን ፋይል ለውጥ፥ ለውጡን ያደረገውን ሰው ስም፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ሠራተኛው የጻፈውንም ምክንያት ጭምር ይዞ ይቆያል። ከስድስት ወር በፊት የነበረውን ዋጋ ለማየት፥ ወይም የተበላሸን ፋይል ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያውን በ2005 ዓ.ም. የጀመረው በፊንላንድ የተወለደው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። የዚያን ጊዜ ዓላማው በልዩ ልዩ አገር ሆነው የሊኑክስን ዋና ክፍል፥ ማለትም ከርነሉን፥ የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያስተባብሩበት መሣሪያ ለማግኘት ነበር። ሊኑክስ የተሠራው በዩኒክስ አምሳያ ስለ ሆነ፥ ጊትም ስለ ፋይል ስም፥ ስለ መስመር መጨረሻና ስለ ፈቃድ ያለው ሥርዓት የዩኒክስ ሥርዓት ነው። በዊንዶውስ ላይ የምንጠቀምበት ጊት ፎር ዊንዶውስ የተባለው ዝግጅት ሲሆን፥ ባሽ የተባለውን የትእዛዝ ተርጓሚና ሌሎችንም የዩኒክስ መሣሪያዎች ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ወደ ሰው አገር ከአስተርጓሚው ጋር እንደ መጣ ነጋዴ መሆኑ ነው፤ አስተርጓሚው ብዙውን በትክክል ያደርሳል፥ አንዳንዱ ልማድ ግን ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል።

የመስመር መጨረሻ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የመስመር መጨረሻ ነው። በቀድሞው የቴሌታይፕ መኪና አንድ መስመር ተጽፎ ሲያልቅ ሁለት ሥራ ይፈጸም ነበር። አንደኛው የሚጽፈውን ክፍል ወደ መስመሩ መነሻ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ መግፋት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ምልክት ነበረው፤ የመጀመሪያው ሲአር፥ ሁለተኛው ኤልኤፍ ይባላል። ዩኒክስ በኤልኤፍ ብቻ ረክቶ መኖርን መረጠ። በ1981 ዓ.ም. የወጣው ኤምኤስ ዶስ ግን ሁለቱንም ምልክቶች አከታትሎ መጻፍን ከቀዳሚው ከሲፒኤም ወረሰ፤ ዊንዶውስም ከዶስ ወረሰው። ስለዚህ ለዓይን አንድ ዐይነት ሆነው የሚታዩ ሁለት ፋይሎች፥ አንዱ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ አንድ ስውር ምልክት በብልጫ ይዞ ይገኛል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በምሳሌ እንመልከት። አንድ የንግድ ቤት 800 መስመር ያለው የዋጋ ዝርዝር አለው እንበል። አንድ ሠራተኛ ፋይሉን በዊንዶውስ ከፍቶ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከ1,250 ብር ወደ 1,520 ብር ይለውጣል። የሚጽፍበት ፕሮግራም ፋይሉን ሲያስቀምጥ በ800ው መስመር ሁሉ ላይ ሲአርን ይጨምራል። ጊትም ለውጡን ሲያነጻጽር 800 መስመር ተሰርዞ በምትኩ 800 አዲስ መስመር እንደ ተጻፈ ያሳያል። እውነተኛው ለውጥ አንድ ብቻ ሳለ በ799 ከንቱ ለውጦች ውስጥ ይሰወራል፤ የሚቆጣጠረውም ሰው አይቶ ይሰለቻል፥ ሳያነብም ያሳልፈዋል። ከዚህም የከፋው ደግሞ፥ እያንዳንዱን መስመር በመጨረሻ የጻፈው ማን እንደ ሆነ የሚነግረው ጊት ብሌም የተባለው ትእዛዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ የ800ው መስመር ሁሉ ጸሐፊ ያ አንድ ሠራተኛ ነው ብሎ መመለሱ ነው። ያልሠራው ሥራ በስሙ ይጻፍበታል፤ በእርግጥ የሠራውም ሰው ከመዝገቡ ፊት ይጠፋል።

መድኀኒቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ለጊዜው የሚያገለግል ነው። ጊት ዲፍ የተባለው የማነጻጸሪያ ትእዛዝ «ኢግኖር ሲአር አት ኢኦኤል» በሚባለው አማራጭ ቢታዘዝ ስውሩን ምልክት ችላ ብሎ እውነተኛውን ለውጥ ብቻ ያሳያል። ጊት ብሌምም «ደብሊዩ» በሚባለው አማራጭ ቢታዘዝ እንዲሁ ያደርጋል።

ሁለተኛው ዘላቂው ነው። ጊት ፎር ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ ስለ መስመር መጨረሻ ሦስት ምርጫ ያቀርባል፤ ሲወጣ ወደ ዊንዶውስ ሲመዘገብ ወደ ዩኒክስ መለወጥ፥ ሲመዘገብ ብቻ መለወጥ፥ ወይም ምንም አለመለወጥ። ይህ ምርጫ ኮር ኦቶሲአርኤልኤፍ በተባለው ቅንብር ይያዛል። ችግሩ ግን ምርጫው የየኮምፒዩተሩ መሆኑ ነው። በአንድ ቢሮ ያሉ ሦስት ሠራተኞች ሦስት ልዩ ልዩ ምርጫ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ ደንቡን ከመዝገቡ ጋር አብሮ በሚጓዝ ፋይል መጻፍ ይገባል፤ የፋይሉም ስም በነጥብ የሚጀምር ሆኖ ጊትአትሪቢዩትስ ይባላል። በዚያ ውስጥ ጽሑፍ የሆኑት ፋይሎች ሁሉ በመዝገቡ በኤልኤፍ እንዲያዙ፥ የሰርቨሩ ትእዛዞች ምንጊዜም ኤልኤፍ እንዲሆኑ፥ የዊንዶውስ ባች ፋይሎች በሲአርና በኤልኤፍ እንዲሆኑ፥ ሥዕሎችና የኤክሴል ፋይሎች ግን ፈጽሞ እንዳይነኩ ይደነገጋል። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ጊት አድ የተባለው ትእዛዝ «ሪኖርማላይዝ» ከሚባለው አማራጭ ጋር ቢሰጥ የቀድሞዎቹን ፋይሎች አንድ ጊዜ ያስተካክላል። ይህ ማስተካከያ ከሌላ ሥራ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጊት ብሌም እንዲህ ያለውን የማስተካከያ ምዝገባ እንዲያልፈው ማዘዝ ስለሚቻል፥ የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ስም ሳይጠፋ ይኖራል።

ሰርቨሩ የማይቀበለው ትእዛዝ

በዊንዶውስ የተጻፈ የትእዛዝ ፋይል ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲላክ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ፋይሉ ግን በዓይን እየታየ ነው። ምክንያቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተርጓሚው ፕሮግራም ስም ተጽፎ ሳለ፥ በስሙ መጨረሻ ስውሩ ሲአር መለጠፉ ነው። ሰርቨሩም ስሙን ከነተለጠፈበት ይፈልገዋል፤ እንዲህ የሚባል ፕሮግራም ግን በዓለም የለም።

በዕቃ ዝርዝርም ላይ ይኸው ይደርሳል። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የተጻፈው የዕቃ መለያ ቁጥር ሲአር ከተለጠፈበት፥ ፕሮግራሙ በመጋዘን መዝገብ ካለው ተመሳሳይ ቁጥር ጋር ሲያስተያየው አልተገናኙም ይላል። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ለደንበኛው አልቋል ተብሎ ይነገረዋል።

ሌላው ምክንያት የማስፈጸም ፈቃድ ነው። በዩኒክስ አንድ ፋይል እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ፈቃድ ሊሰጠው ያስፈልጋል፤ በዊንዶውስ ግን ይህ የሚታወቀው በፋይሉ ስም ቅጥያ ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ የተፈጠረው የትእዛዝ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ «አልተፈቀደም» ይባላል። ጊት አድ «ሲኤችሞድ» ከሚባለው አማራጭ ጋር ቢሰጥ ፈቃዱን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ይህም አንድ ጊዜ ከተደረገ ይበቃል። በአንጻሩ አንድም ፊደል ሳይነካ ፋይሎች ሁሉ ተለውጠዋል የሚባል ከሆነና ልዩነቱ በፈቃድ ቁጥር ብቻ ከሆነ፥ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ኮር ፋይልሞድ የተባለውን ቅንብር ማጥፋት ነው።

የፋይል ስም

ስለ ፋይል ስም ሁለቱ ሥርዓቶች በአራት ነገር ይለያያሉ።

አንደኛ፥ ሊኑክስ በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ይለያል፤ ዊንዶውስ እንደ ልማዱ አይለይም። በሊኑክስ ላይ ስማቸው በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የተለያየ ሁለት የደረሰኝ ፋይሎች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። በዊንዶውስ ግን አንዱ ብቻ በዲስኩ ላይ ይቀራል፤ ጊትም ሌላው ተለውጧል እያለ ሳያቋርጥ ይናገራል። ከሁለቱ የአንዱን ስም ጨርሶ መለወጥ ነው መፍትሔው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው። «ሐ» እና «ሀ»፥ «ሠ» እና «ሰ»፥ «ፀ» እና «ጸ» በአነባበብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» ተብለው የተሰየሙ ሁለት ፋይሎች በሁለቱም ሥርዓት ላይ ሁለት ፋይሎች ናቸው፤ ከሠራተኞቹም አንዱ በአንዱ፥ ሌላውም በሌላው ላይ ሲጽፍ መክረሙ አይቀርም። ቢሮው አንድ የአጻጻፍ ደንብ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛ፥ ዊንዶውስ የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ። ሁለት ነጥብ፥ የጥያቄ ምልክት፥ ኮከብና የመሳሰሉት በሊኑክስ ስም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ በዊንዶውስ አይገቡም። ሰርቨሩ የዕለት ሪፖርት ሲያወጣ በስሙ ውስጥ ሰዓቱን በሁለት ነጥብ ከጻፈ፥ ያ መዝገብ በዊንዶውስ ላይ ሲከፈት «ስሙ ልክ አይደለም» ተብሎ ይቆማል። ኮን፥ ኦክስ፥ ኑል፥ ፒአርኤን የተባሉትም ስሞች ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለመሣሪያዎች የተያዙ ስለ ሆኑ ለፋይል አይሰጡም።

ሦስተኛ፥ ርዝመት ነው። በዊንዶውስ ከዲስኩ ስም ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ድረስ ያለው አድራሻ ሁሉ በልማድ ከ260 ምልክት እንዳያልፍ ተወስኗል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲደራረብ ይህ ወሰን ቶሎ ይደረሳል። ኮር ሎንግፓትስ የተባለውን ቅንብር ማብራት ጊትን ከዚህ ወሰን ነጻ ያወጣዋል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ላይከተሉት ስለሚችሉ መዝገቡን በአጭር አድራሻ ማስቀመጥ ይመረጣል። በሊኑክስ በኩል ደግሞ የአንድ ፋይል ስም ብዙውን ጊዜ ከ255 ባይት እንዳያልፍ ተወስኗል። በዩቲኤፍ ስምንት የአጻጻፍ ኮድ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፥ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል ሊያልፍ አይችልም። በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር የተሰየመ ረዥም የአማርኛ ስም በሰርቨሩ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት ይህ ነው።

አራተኛ፥ የአማርኛ ስም በጊት ዝርዝር ላይ ቁጥር ሆኖ ይታያል። «ዋጋ» የተባለው ፋይል \341\213\213\341\214\213 ተብሎ ሲጻፍ ያየ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል፤ አልፎ አልፎም ይሰርዘዋል። ፋይሉ ግን ደኅና ነው። ጊት ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ስም እንደ ልማዱ በባይት ቁጥር ስለሚያሳይ ነው እንጂ። ኮር ኮትፓዝ የተባለውን ቅንብር ማጥፋት ብቻ ስሙን ወደ ፊደሉ ይመልሰዋል።

የጽሑፉ ኮድ

የግእዝ ፊደል በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ አማርኛ በዊንዶውስም በሊኑክስም ያለ ልዩነት ይጻፋል። ሆኖም አደጋው በመሸጋገሪያው ላይ ነው። የዋጋ ዝርዝርን ከኤክሴል በተራው ሲኤስቪ ዐይነት ያስቀመጠ ሰው፥ ፋይሉን እንደ ገና ሲከፍት የዕቃዎቹ የአማርኛ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ይህ የማሳያ ጉድለት አይደለም፤ ፊደላቱ በእርግጥ ጠፍተዋል፥ ከዚያም ፋይል ውስጥ ዳግመኛ አይገኙም። መድኀኒቱ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ ስምንት የተባለውን የሲኤስቪ ዐይነት መምረጥ ነው። ጉዳቱ ቀድሞ ከደረሰም የጊት ጥቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከጥፋቱ በፊት የተመዘገበው ፋይል በመዝገቡ ውስጥ ስለሚኖር ከዚያ ይመለሳል።

ከዚህም በቀር ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል አምስት ነጥብ አንድ የትእዛዝን ውጤት ወደ ፋይል ሲያስተላልፍ ዩቲኤፍ አሥራ ስድስት በተባለው ኮድ ይጽፋል። ጊትም እንዲህ ያለውን ፋይል ጽሑፍ ነው ብሎ ስለማይቀበል «የተለያዩ ናቸው» ከማለት በቀር የትኛው መስመር እንደ ተለወጠ አያሳይም። የኤክሴልም ፋይል ራሱ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ክትትል የሚያስፈልገው የዋጋ ዝርዝር በመዝገቡ ውስጥ በሲኤስቪ ቢያዝ ይሻላል።

የተያዘ ፋይልና የጋራ ፎልደር

በዩኒክስ የተከፈተን ፋይል መሰረዝ ወይም በሌላ መተካት ይቻላል። በዊንዶውስ ግን አንድ ፕሮግራም የያዘውን ፋይል ሌላው ብዙውን ጊዜ ሊነካው አይችልም። የዋጋ ዝርዝሩ በኤክሴል ተከፍቶ ሳለ አዲሱን ለማምጣት የታዘዘ ጊት «መሰረዝ አልተቻለም፥ እንደ ገና ልሞክርን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ኤክሴልን ዘግቶ እንደ ገና ማዘዝ ነው። ኢንዴክስ ሎክ የተባለ ፋይል አለ ተብሎ ሥራ ቢከለከል ደግሞ፥ ቀድሞ የተጀመረ የጊት ሥራ ሳይፈጸም ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ሌላ የጊት ሥራ አለመኖሩ በሚገባ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ያንን ፋይል መሰረዝ ይገባል።

የጊትን መዝገብ ዋንድራይቭን በመሳሰለ ራሱ እየገለበጠ በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ አይመከርም። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ በአንድ መዝገብ ላይ እንደሚጽፉ ያህል ነውና መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። በቢሮ የጋራ ዲስክ ላይ ያለ መዝገብም «ባለቤትነቱ አጠራጣሪ ነው» ተብሎ ሊከለከል ይችላል። ይህ ጥበቃ በ2022 ዓ.ም. የተጨመረ ሲሆን፥ ሌላ ሰው ባዘጋጀው መዝገብ ውስጥ የተሰወረ ትእዛዝ በእኛ ስም እንዳይፈጸም የሚከላከል ነው። የታመነውን ፎልደር በስሙ ለይቶ ሴፍ ዳይሬክተሪ በተባለው ቅንብር መፍቀድ እንጂ፥ ለመገላገል ሲባል ሁሉንም በጅምላ መፍቀድ አይገባም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ችግር በተነሣ ጊዜ ሥራውን በሚከተለው ተራ ማስኬድ ይጠቅማል።

1. ያልተጠበቀ ብዙ ለውጥ ከታየ ምንም አይመዝገቡ። የተሳሳተ ምዝገባ ምርመራውን ያከብደዋል።
2. ጊት ስታተስ በሚለው ትእዛዝ የትኞቹ ፋይሎች እንደ ተለወጡ ይታይ።
3. ለውጡ ሲአር ሳይቆጠር ይነጻጸር። ልዩነቱ ከጠፋ ጉዳዩ የመስመር መጨረሻ ነው።
4. ጊት ኤልኤስ ፋይልስ «ኢኦኤል» ከሚባለው አማራጭ ጋር ይታዘዝ፤ የእያንዳንዱን ፋይል የመስመር መጨረሻ በመዝገቡና በዲስኩ ላይ ለይቶ ያሳያል።
5. ጊት ኮንፊግ «ሊስት» እና «ሾው ኦሪጅን» ከሚባሉት አማራጮች ጋር ይታዘዝ፤ እያንዳንዱ ቅንብር ከየትኛው ፋይል እንደ መጣ ይናገራል። በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይገኛል።
6. ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መፍትሔው በጊትአትሪቢዩትስ ይጻፍ፤ ለሁሉም ሠራተኛ በአንድነት እንዲደርስ።

ነጋዴው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ነጋዴው ራሱ የጊት ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የሒሳብ መዝገቡን እንደሚመረምር ግን ይህንንም ሊመረምር ይችላል። ባለሙያውን አራት ነገር ይጠይቀው። በመዝገባችን ውስጥ የጊትአትሪቢዩትስ ፋይል አለን? ባለፈው ወር ዋጋ የተለወጠበትን አንድ መስመርና የለወጠውን ሰው ስም ልታሳየኝ ትችላለህን? የአማርኛው ዝርዝር በዩቲኤፍ ስምንት ተይዟልን? መዝገቡስ ከዚህ ኮምፒዩተር ሌላ በየት ይገኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ባለሙያው በመጽሔት ርዝመት ሳይሆን በስክሪኑ ላይ በማሳየት ከመለሰ መዝገቡ በደኅና እጅ ነው። ከመለሰው ይልቅ ያመነታበት ከበዛ ግን፥ የዋጋ ዝርዝሩ ሳይታወክ ዛሬውኑ የመስመር መጨረሻውን ደንብ በማስጻፍ መጀመር ይበጃል፤ ደንቡ ጥቂት መስመር ብቻ ስለ ሆነ ከአንድ ጧት ሥራ አያልፍም።